ሳሚ፣ ስለ አባባ ላዳ

ሳሚዬ እንዴት ከረምክ ወንድሜ? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንደዋወል፣ ዴንቨር ብርዱ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ አደጉልህ? እኛ ጋ ሁሉም ሰላም ነው፣ አባባም ደህና ናቸው ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ላዳዋ ነው፣ ይሄን ነገር ካንተ ሌላ ለማን አወራዋለሁ።

ሜዳ ላይ የሙቀት ጌጇ ንቅንቅ አይልም፣ እንጦጦን ስትወጣ ግን ውሃ ትተፋ ነበር ታስታውሳለህ አይደል? ሁሉም ራዲያተር ነው ይል ነበር። ቴርሞስታቱን፣ ያንን እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ፈትቼ ሳየው ውስጡ ባዶ! የሆነ መካኒክ ድሮ ቆርጦ አውጥቶ ቀፎውን መልሶ አስሮታል። የላዳ ደሞ ባለ ሶስት አፍ ነው፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ራዲያተር ሳይገባ በባይፓስ (በአቋራጩ ቱቦ) ይዞራል፣ ሲሞቅ ባይፓሱን ዘግቶ የራዲያተሩን ይከፍታል። ውስጡ ከወጣ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው፣ ስለዚህ ሜዳ ላይ ሞተሩ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል፣ ዳገት ላይ ደሞ ከውሃው የተወሰነው ሳይበርድ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ለኛ አገር ቴርሞስታት አያስፈልግም ሲሉ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ሁለት አሮጌ ኦሪጅናል አገኘሁና በረንዳ ላይ ቡታጋዝ ጥጄ መፈተሽ ጀመርኩ። በሽቦ አንጠልጥለህ ነው የምትነክረው፣ የድስቱን ቂጥ ከነካ ንባቡ ሁሉ ውሸት ነው፣ ቴርሞሜትሩም እንደዛው፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ታማስላለህ። ወደ ራዲያተር በሚሄደው አፉ በኩል በባትሪ ሳይ አንደኛው 80 ዲግሪ ላይ ቀስ ብሎ መላቀቅ ጀመረ፣ ደስ ሲል! ግን ትንሽ ከፈተና ቆመ፣ ውሃው ደሞ ፈላ።

እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ከዛ በኋላ እሳቱን ብትጨምር ባትጨምር ያው ነው። የላዳ ቴርሞስታት ደሞ ሙሉ የሚከፈተው 94 ላይ ነው! ስለዚህ ደህናውን ቴርሞስታት በተራ ውሃ ፈትነህ አይሰራም ብለህ ልትጥለው ትችላለህ፣ ስንቱ እንዲህ እንደተጣለ እግዜር ይወቅ። ኩላንትና (ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ፣ ከውሃ ዘግይቶ ነው የሚፈላው) ውሃ እኩል ቀላቅዬ ደገምኩት (መርዝ ነው፣ ድስቱ ከዛ በኋላ ለምግብ አይሆንም)፣ ቅልቅሉ ሳይፈላ ከ94 አለፈና ቫልቩ ሙሉ ተከፈተ፣ የ6 ሚሊ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ብረት) ጭራ ክፍተቱ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ፣ ሙሉ ሲከፈት ዝቅተኛው የክፍተት ልክ እሱ ነው። ሲበርድም ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ሁለተኛው 90 እስኪደርስ አልተነቃነቀም፣ እሱን ተውኩት። አንተም ያቺን አሮጌ መርሴዲስህን ስትፈትሽ አስብበት፣ ዴንቨርም 1,600 ሜትር ስለሆነ ውሃ 95 ላይ ነው የሚፈላው።

አንደኛውን ገጥሜው አሁን ጌጇ ቶሎ ይነሳና መሃል ላይ ቀጥ ይላል፣ አባባ ጠዋት ቾክ ስቦ መቆየት ቀረ ብለው ደስ ብሏቸዋል። እንጦጦን ግን ገና አላወጣኋትም ምክንያቱም የራዲያተር ክዳኑ ጎማው ደርቋል፣ ግፊት ካልያዘ ሲስተሙ ውስጥም ያለው ተራ ውሃ ቴርሞስታቱ ሙሉ ሳይከፈት 92 ላይ ይፈላል፣ 0.5 ባር ከያዘ ግን እዚህም ቢሆን 105 ድረስ ይችላል። እዚህ ያገኘሁት ክዳን 0.9 የተጻፈበት ነው፣ የአባባን አሮጌ ራዲያተር ብየዳውን ይፈታብኛል ብዬ ፈራሁ። እዛ ለድሮ ፊያት 124 የሚሆን ካገኘህ ላዳም የወጣችው ከሱ ስለሆነ ይገጥም ይሆናል፣ የአሁኑን ክዳን አፍ ለክቼ ከነፎቶው እልክልሃለሁ፣ ብቻ 0.5 መሆኑን አይተህ ግዛና የሚመጣ ሰው ስታገኝ ስደድልኝ።