ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት ሲሊንደሩን ፈልጉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ቀደም ብለው የገቡት ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። ሞተራቸው ሲታመም የሚደረግላቸው ምርመራ ግን ያሳስበናል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ወይም ዳገት ላይ ሲቆራረጥ የመጀመሪያው ምክር «አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ) ቀይር» ነው። ካልዳነ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ኮይል ይገዛል፤ ኮይሉም ካልፈታው ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል (ኢንጀክተር) ይታጠባል፤ በመጨረሻም «ሞተሩ ይውረድ» ይባላል። ባለቤቱ በየደረጃው ከፍሎ ሳለ የትኛው ሲሊንደር (ቤንዚኑ የሚነድበት የሞተሩ ክፍል) ሥራ እንደፈታ እንኳ የነገረው የለም። በሞተር ጥገና ላይ የተሰማራን ሰዎች ነንና ምርመራው እንዴት መሄድ እንዳለበት ለአንባቢዎቻችሁ እንጻፍ ብለናል።

አስቸኳዩን እናስቀድም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር መብራት በርቶ ከቀረ መኪናውን ቀስ አድርጎ ጋራዥ ማድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አይቻልም፤ ቤንዚን ሳይቃጠል ወደ ጭስ መውጫው እየሄደ ነው። ያ ቤንዚን ጭሱን በሚያጣራው ካታሊስት ውስጥ ገብቶ እዚያ ይነዳል፤ ውስጡ ያለው ሸክላ ይቀልጣል፣ መውጫውም ይታፈናል። ከፊሉ ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል። ስለዚህ ቤንዚን መስጫውን ለቀቅ ማድረግ ነው፤ መብራቱ ብልጭታውን ካልተወ መኪናውን ዳር ይዞ ማጥፋትና ማስጎተት ያስፈልጋል።

ቀጣዩ ጥያቄ የትኛው ሲሊንደር ነው የሚለው ነው። የመኪናው ኮምፒውተር ሲሊንደሮቹ የሚያዞሩትን የክራንክ ዘንግ ፍጥነት እየተከታተለ፣ አንዱ ሲሊንደር በተራው ሳይገፋ ሲቀር የምትፈጠረውን ትንሽ መዘግየት ይመዘግባል። ስካነር (የኮምፒውተሩን ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) ሲሰካ ፒ 0301 ካለ አንደኛው፣ ፒ 0304 ካለ አራተኛው ሲሊንደር ነው፤ ፒ 0300 ከሆነ እየተቀያየረ የሚቆራረጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮዱ ቦታውን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ፒ 0302 ማለት «የሁለተኛውን ካንዴላ ቀይር» ማለት አይደለም። ለጃፓን ገበያ ተሠርተው ወደ እኛ የመጡ የቀድሞ ቪትዞች ደግሞ ሶኬታቸው ከሌላው ጋር አንድ ቢመስልም ርካሹ ስካነር ብዙ ጊዜ አያነባቸውም።

ያኔ ሲሊንደሩን በእጅ መፈለግ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ቤንዚን መስጫው ሳይረገጥ) እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ነቅሎ መመለስ ይበቃል። ጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ ወዲያው ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሲነቀል ለውጥ የማያመጣው ሥራ የፈታው ነው። ሞተሩ እየሠራ ኮይሉን ወይም የካንዴላ ገመዱን መንቀል የቆየ ልማድ ቢሆንም መቅረት አለበት። ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሚደርሰው ኃይል መውጫ ሲያጣ የኮይሉን ውስጥ ይበሳል፤ ሰውንም ይመታል።

ሲሊንደሩ ከታወቀ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ እሳት፣ ነዳጅና እመቃ (በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረው ግፊት)።

የእሳቱ ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። በአንዳንድ ቪትዝና ያሪስ ላይ ያለው 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል አለው፤ የሚፈታውም በ10 ቁጥር መፍቻ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ የታመመውን ሲሊንደር ኮይል ከጤነኛው ጋር ማቀያየር፣ ከዚያ አስነስቶ ማየት። ሕመሙ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ አንድ ብቻ ይገዛል። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን በ16 ቁጥር ቁልፍ አውጥቶ በደንብ ማየት ነው። በቤንዚን የራሰ ካንዴላ እሳት እንዳላገኘ ይናገራል። በዘይት የራሰ ከሆነ ወደ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ወደ ቫልቭ ጎሚኒው (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ይጠቁማል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ነዳጅ አንሶታል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። ከሌሎቹ ተለይቶ የታጠበ ያህል ንጹሕ የሆነ ካለ የራዲያተር ውኃ መጠኑን ማየት ይገባል፤ ጋርኒሲዮኑ (በቴስታታው፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በታችኛው አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ውኃ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል።

በነጩ ሸክላ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደች ቀጭን ጥቁር መስመርም መፈለግ አለባት። እሳቱ ጫፉ ላይ መዝለሉን ትቶ በጎን እያመለጠ የሄደበት መንገድ ናት። ይህች መስመር ከታየች በኮይሉ የጎማ እጅጌ ውስጥም አቻዋ አለች፤ ካንዴላው ብቻ ተቀይሮ እጅጌው ከቀረ አዲሱም ካንዴላ በቅርቡ ያንኑ ይዞ ይመለሳል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። አንዱ የላይኛው ክዳን ጎማ ደርቆ የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ያፈሰሰው ዘይት ነው። ሌላው የላቫጆ ውኃ ነው። ሞተር ባስጠቡ ማግሥት መቆራረጥ የጀመረ መኪና ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ኮይሎቹ ወጥተው ጉድጓዶቹ በአየር ይነፉለት።

ካንዴላ የግድ መቀየር ካለበት ክፍተቱ ለዚህ ሞተር ከ1.0 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው። አዲሱ የሚገባው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መጀመሪያ በጣት እስኪቆም፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ነው፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት የጠበቀ ካንዴላ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ገበያ ላይ «ኢሪዲየም» ተብሎ የሚሸጠውን ደግሞ ጫፉን አይታችሁ ግዙ። የእውነተኛው የመሃል ዘንግ ጫፍ ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነ ነው፤ እንደ ተራው 2.5 ሚሊሜትር የሚወፍር ከሆነ ጽሑፉ ብቻ ነው ኢሪዲየም።

ነዳጁን ባጭሩ እንለፈው። የኢንጀክተሩ ሁለት እግሮች በቴስተር ሲለኩ ከ12 እስከ 16 ኦም መካከል ሊያሳዩ፣ አራቱም ሊቀራረቡ ይገባል። የቤንዚኑ ግፊት ከ3.0 እስከ 3.5 ባር ነው። ሁሉም ሲሊንደሮች ዳገት ላይ ብቻ አብረው የሚቆራረጡ ከሆነ ፓምፑንና ማጣሪያውን መጠርጠር ነው። ሚኒሞ ላይ ተንቀጥቅጦ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ የሚረጋ ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ያልተለካ አየር በማኒፎልዱ (የአየር ማስገቢያው) ጎማ ወይም በተሰነጠቀ ቱቦ እየሳበ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ላይ ውኃ በትንሹ መርጨት፤ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ለዚህ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ የጭስ መውጫ አጠገብ እሳት መጥራት ነውና እባካችሁ ተዉት።

ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያስገደደን ግን ሦስተኛው፣ የእመቃው ጉዳይ ነው። ለ1ኤንዜድ-ኤፍኢ የአምራቹ መመሪያ 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ይላል፤ ዝቅተኛው ገደብ 156፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 14 ነው። አዲስ አበባ ላይ ጌጁ 155 ሲያሳይ መመሪያውን የከፈተ መካኒክ «ሞተሩ አልቋል» ይላል። አላለቀም! መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ከተማችን 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚያምቀው የሳበውን አየር ነውና ንባቡም በዚያው ልክ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ አዲስ ሞተር የሚያሳየው 160 አካባቢ፣ ዝቅተኛውም ገደብ 117 አካባቢ ነው። 1200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ያው ጤነኛ ሞተር ወደ 185 ያነባል። በዚህ ስሌት ጉድለት ብቻ ጤነኛ ሞተር ወርዶ እንዳይታረድ እንሰጋለን፤ አሮጌ ሞተር ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መግጠም ደግሞ በየትኛውም ቤት ቀላል ወጪ አይደለም።

አለካኩም ሥርዓት አለው። ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የኮይልና የኢንጀክተር ሶኬቶች ተነቅለው፣ የአየር መግቢያው መዝጊያ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ይለካል። መዝጊያው ተዘግቶ የተለካ እመቃ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው። መርፌው መውጣቱን እስኪያቆም፣ አምስት ስድስት ምት ያህል ማስነሻውን መምታት፣ አራቱንም ጽፎ ማወዳደር። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱ ነው የሚናገረው፤ ሦስቱ 150 ሆነው አንዱ 90 ከሆነ ሕመምተኛው እሱ ነው። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ዘይቱ ከዚህ ከበዛ ራሱ ቦታ ይዞ እመቃውን በውሸት ያወጣዋል። ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው ደክሟል። ካልተነቃነቀ ቫልቩ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል።

ቫልቭ ሆነ ማለትም ቴስታታ ይውረድ ማለት አይደለም። ቀዝቃዛ ሲሆን ደህና እየሠራ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ የሚቆራረጥ ሞተር አስቀድሞ የቫልቩ ክፍተት ይለካለት። ሞተሩ ቀዝቅዞ የመግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ የመውጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሲሞቅ ረዝሞ በደንብ መግጠም ያቅተዋል፤ በጊዜ ከተስተካከለ ይድናል፣ ከቆየ ጠርዙ ይቃጠላል።

ጋራዦችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዕቃ ከመታዘዙ በፊት በሥራ ማዘዣው ላይ ሦስት መስመር ይጻፍ፦ የታመመው ሲሊንደር ቁጥር፣ የተደረገው ፈተና፣ የተገኘው ንባብ። ባለመኪናዎችም ይህን ወረቀት ሳታዩ ለዕቃ አትክፈሉ፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሞተር ጥገና ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ