ገበሩን ገልጣችሁ እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ቪንቴጅ፣ ማለትም ከቀድሞ ዘመን ስለቆየ ልብስና ጌጣጌጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ። አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ሰው አሮጌ ልብስ የሚወደው ያለፈውን ዘመን ስለሚናፍቅ ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዛሬ የ1970ዎቹን ጃኬት አፈላልገው የሚለብሱት ልጆች እኮ ያኔ ብዙዎቹ እናቶቻቸው እንኳ አልተወለዱም (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ያላዩትን ዘመን እንዴት ብለው ይናፍቁታል?

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ሰውን የሚይዘው የልብሱ ውስጥ ነው። ያኔ ልብስ ሲሰፋ ባለቤቱ ነገ ሊከሳ፣ ሊወፍር፣ ልብሱንም ለታናሹ ሊያወርስ እንደሚችል ታስቦ ነበር። ይህ ደግሞ ሳይታይ አይቀርም። ምክንያቱን መናገር ባንችል እንኳ እጃችን ያውቀዋል።

ይህንን የተማርኩት ከአክስቴ ካፖርት ነው። ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት ነው፣ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ወገቡ ላይ ስለጠበበኝ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ሜትሩን ከማንሳቱ በፊት ካፖርቱን ገለበጠው፣ ገበሩን በምላጭ ጥቂት ፈታና ጣቱን አስገባ። ከዚያ «ይምጡ ይዩት» አለኝ። ስፌቱ ውስጥ በግራም በቀኝም ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ጠርዙ እንዳይተረተር በእጅ ተዘምዝሟል። ቀጥሎ ጨርቁን ወደ መብራቱ አስጠጋው። ከአሁኑ ስፌት አጠገብ ጥቃቅን የመርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ሁለት መስመር ናቸው። አንደኛው ላይ የቀረችው ክር ከሌላው ክር ትንሽ ፈዘዝ ትላለች።

ካፖርቱ ከዚህ በፊት አንዴ ጠቧል፣ አንዴ ደግሞ ሰፍቷል ማለት ነው። አክስቴ ስትከሳም ስትወፍርም አብሯት ኖሯል። ያን ዕለት ሰውየው ያንን ትርፍ ጨርቅ ለቀቀልኝና ልክ ሆነ። አሁን አዲሱ የመርፌ መስመር የእኔ ነው።

እዚያው ቆሜ ለብሼው የመጣሁትን አዲስ ጃኬት አውልቄ ገለበጥኩት። ስፌቱ ኦቨርሎክ በሚባለው፣ ጠርዝ እየቆረጠ በሚዘመዝመው ማሽን ጥግ ድረስ ተከርክሟል። ትርፍ ጨርቅ የሚባል ነገር የለውም። ቢጠበኝ የሚለቀቅ የለ፣ ቢቀደድ የሚጣፍበት የለ። ፋብሪካው ይህንን ያደረገው በክፋት አይደለም። ከአንድ ጃኬት ሁለት ሁለት ጣት ቢቆጥብ በመቶ ሺህ ጃኬት ስንት ጥቅል ጨርቅ እንደሚተርፈው ማስላት ቀላል ነው። ሒሳቡ ግን ለባሹን ረስቶታል።

የአባቴ የእጅ ሰዓት ነገርም ያው ነው። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ነው። ጠዋት ጠዋት ካልሞሉት ይቆማል። አንድ ጊዜ ቆሞብኝ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ስወስደው የጀርባ ክዳኑን ከፈተና ማጉያ መነጽሩን አውሶኝ ውስጡን አሳየኝ። ክዳኑ ላይ በመርፌ ጫፍ የተጫሩ ደቃቅ ፊደሎችና ቁጥሮች አሉ። ሰዓቱን ቀደም ሲል የጠገኑት ሰዎች የተዉት ምልክት ነው። ሙያተኞቹ ማን መቼ እንደከፈተው ለራሳቸው እንዲህ ምልክት ያደርጋሉ። አራት የተለያዩ እጆች ቆጠርኩ። አራቱንም አላውቃቸውም፣ ሰዓቱን ግን እኔ ጋ ያደረሱት እነሱ ናቸው።

ኳርትዝ የሚባለው የባትሪ የእጅ ሰዓት መጀመሪያ ገበያ ላይ የወጣው በ1969 በፈረንጆቹ ገና ዕለት ነው፣ የጃፓኑ ሴኮ ኩባንያ አስትሮን የሚባለውን ሲሸጥ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው ጊዜን በመለካት የድሮውን በብዙ ይበልጠዋል። ይህንን መካድ አይቻልም። ሆኖም ሰው አሁንም በእጅ የሚሞላውን ይፈልጋል። ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ አይደለም። ጥርሱ ቢያልቅ ሌላ ጥርስ ይገባለታል፣ ሞላው ቢበጠስ ይቀየራል፣ ባለሙያ እስካለ ድረስ ይሠራል።

በልብሱ በኩል ደግሞ ጂንስን ውሰዱ። ኪሱ ጥግ ላይ ያሉት የመዳብ ምስማሮች ዛሬ ጌጥ ይመስላሉ። ያመጣቸው ግን ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። የሠራተኞች ሱሪ ኪሱ ላይ እየተቀደደ ሲያስቸግር ጥጉን በምስማር መታው። ከጨርቅ ነጋዴው ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆኖ በግንቦት 20 ቀን 1873 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙበት። ፈረንሳዊቷ የፋሽን ነዳፊ ኮኮ ሻኔል በየካቲት 1955 ያወጣችው ቦርሳም እንዲሁ ነው። ሰንሰለቱ የተጨመረው ቦርሳው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ የሴቶቹ እጅ ነፃ እንዲሆን ነው። መጀመሪያ የሰው ችግር ነበረ፣ ውበቱ ከኋላ መጣ። ለዚህ ይመስለኛል እነዚህ ነገሮች ሰባና መቶ ዓመት አልፏቸውም የማይሰለቹት። ለምን እንደተሠሩ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

እርግጥ የድሮ ሰው ሁሉ ጥንቁቅ ነበር ልል አልፈልግም። የሚጠግነው ጨርቅ ውድ ስለነበረ ነው። እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከሰኔ 1941 ጀምሮ፣ ልብስ በኩፖን ታድል ነበር። መንግሥቱ ራሱ ሕዝቡን ያለህን ጠግነህ ልበስ እያለ በራሪ ጽሑፍ ያከፋፍል ነበር። የፈረንሳዩ ልብስ ነዳፊ ክርስቲያን ዲዮር በ1947 ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚፈጅ ሰፋፊ ቀሚስ ይዞ ብቅ ሲል አንዳንዱ የተደሰተውን ያህል ሌላው የተቆጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከችግር የመጣ ጥበብ ነው እንግዲህ። ከችግር መምጣቱ ግን ጥበብነቱን አይቀንስበትም።

ሌላም መታመን ያለበት ነገር አለ። የድሮ ዕቃ ሁሉ ጥሩ አልነበረም። መናኛው አልቆ ተጥሏል፣ እኛ ጋ የደረሰው የቆየው ብቻ ነው። ይህንን እየረሳን «የድሮ ነገር እኮ» ማለት እናበዛለን። እኔ የምለው የቆየው ለምን ቆየ የሚለውን እንጠይቅ ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ ያው ነው፤ ሊጠገን የሚችል ስለነበረ ነው።

ጽሑፋችሁ አንድ ነገር ሳይነካ አልፏል፣ እኔ ግን ያሳስበኛል። ያው አንድ ሸሚዝ «ልባሽ» ሲባል ሰው ይሸማቀቅበታል፣ «ቪንቴጅ» ሲባል ይኮራበታል። ቃሉ መጀመሪያ የወይን ጠጅ ሰዎች ቃል ነበር፣ ወይኑ የተለቀመበትን ዓመት ለመግለጽ። ወደ ልብስ ከገባ በኋላ ደግሞ ትልልቅ መድረኮች ላይ ወጣ። የፊልም ተዋናይዋ ጁሊያ ሮበርትስ በ2001 ኦስካር ስትቀበል የለበሰችው ጥቁርና ነጭ የጣሊያናዊው ነዳፊ የቫለንቲኖ ቀሚስ የ1992 ነበር። ይህ ጥሩ ነው፣ ነውሩን አቅልሎታል። ነገር ግን ስሙ ሲያምር ዋጋውም አብሮ ወጣ። ሌላ አማራጭ ሳይኖረው የሰው ልብስ ለብሶ ያደገ ሰው፣ በዚያው ልብስ የተሳቀበት ሰው፣ ዛሬ ያው ልብስ መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ አቅሙ የማይደርስበት ሲሆን ቅር ቢለው አይፈረድበትም። እኔም ቅር ይለኛል። ያንን ልብስ ማን ጠግኖ እዚህ እንዳደረሰው መርሳት የለብንም።

መግዛት ለሚፈልጉ አንባቢዎቻችሁ የማውቀውን ላካፍል። የልብሱን ቁጥር አትመኑ። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የድሮው ልብስ ከዛሬው በጣም ይጠባል፣ ስለዚህ የሚስማማችሁን አንድ ልብስ በሜትር ለክታችሁ ልኩን ይዛችሁ ሂዱ። ብብቱን እዩ፣ ላብ የበላው ጨርቅ ላዩ ደህና መስሎ እጅ ላይ ይቀደዳል። ሱፍ ከሆነ ወደ ብርሃን አንሱትና ብል የበላው ቀዳዳ ካለ ፈልጉ። አንድም ቢሆን ካገኛችሁ ከሌላው ልብስ ጋር ከማኖራችሁ በፊት በላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ በሚሠራው ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ ጥቂት ቀናት አቆዩት፣ አለዚያ ሌላውንም ልብስ ይፈጅባችኋል። ላስቲክ ያለበት ወገብ ብዙውን ጊዜ ደርቋል፣ እሱ ግን በቀላሉ ይቀየራል። ዚፑ ብረት ከሆነና በጎን በኩል ከተሰፋ ቀሚሱ ከ1960ዎቹ በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የአጣጠብ መመሪያ የተጻፈበት ጨርቅ ውስጡ ካለ ደግሞ ቀረብ ያለ ዘመን ነው፣ አሜሪካ ይህንን ግዴታ ያደረገችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነውና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። በጨለማ የሚያበሩ የድሮ ሰዓቶችን ራሳችሁ አትክፈቱ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ቁጥሮቹ የሚቀቡበት ቀለም ራዲየም የሚባል ጎጂ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነበረበት። ክዳኑ እንደተዘጋ ማሰር ሌላ ነው፣ ከፍቶ ቀለሙን መፋቅ ግን ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ደግሞ ሁሉም ሰው አሮጌ ይልበስ እያልኩ አይደለም። አዲስ ልብስ የሚያስደስተው ሰው ደስ ይበለው። አንዲት የጥጥ ካናቴራ ለመሥራት ከእርሻው ጀምሮ 2,700 ሊትር ገደማ ውኃ እንደሚፈስባት ሲነገር ግን፣ ያንን ሁሉ ውኃ የጠጣች ካናቴራ ሦስት ወር ተለብሳ መጣሏ ያንገበግበኛል። አዲስም ሲገዛ ገልብጦ ስፌቱን ማየት ይቻላል። ሻጩ ግራ ሊገባው ይችላል፣ ይግባው። ትርፍ ጨርቅ ያለው አዲስ ልብስም አለ፣ ቁልፉ በጥብቅ የተሰፋ፣ መጠባበቂያ ቁልፍ ከውስጥ የተንጠለጠለበት። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ቪንቴጅ የሚባለው ያ ነው።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በጽሑፋችሁ ላይ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ የልብሱን ፊት ነው የሚያሳዩት። ኮሌታው፣ ቀለሙ፣ ቁልፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስታነሱ እባካችሁ አንዱን ገልብጡት። የሰፊውን ጣት አስገቡበት፣ መብራት አቅርቡና የድሮዎቹን የመርፌ ቀዳዳዎች ከቅርብ አንሷቸው። ፎቶ የሚነሳ ልብስ ከጠፋ የአክስቴን ካፖርት አመጣላችኋለሁ። ከክረምቱ በፊት ቢሆን ይሻላል፣ ክረምት ከገባ ከላዬ አይወርድም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ