ከድንጋይ ከሰል ማውጫ በላይ ያለውን መሬት ስንለካ

ሰላም አባላት፣

ሰሞኑን የራዳር ምስል ብቻ አይታችሁ «መሬቱ ብዙም አልሰመጠም» የምትሉ ስለበዛችሁ ይህን መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ሴንቲኔል-1 የሚባለው የራዳር ሳተላይት ትልቅ ነገር ነው፣ መረጃውም በነፃ ይገኛል። ግን የሞገዱ ርዝመት 5.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በተለያየ ቀን የተነሱ ሁለት ምስሎች ተነጻጽረው በሚወጣው ምስል ላይ አንድ ሙሉ የቀለም ዙር ማለት የ2.8 ሴንቲሜትር እንቅስቃሴ ነው። ሎንግዎል በሚባለው፣ ከሰሉ በረጅም ግንባር እየተላጨ በሚነሳበት ዘዴ ከሰሉ ሲወጣ ጣሪያው ከኋላ ይደረመሳል፣ ላዩ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ቀለሞቹ ይደራረቡና ይጠፋሉ፣ ሶፍትዌሩም ጥቂት ሴንቲሜትር ብሎ ያልፈዋል። በጣም የሰመጠው መሃል ምንም ያልሆነ ይመስላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ እዚያ ላይ ሰው ይኖራላ!

ስለዚህ መሃሉን በሌቭሊንግ (የከፍታ ልዩነትን በመሣሪያ መለካት) ወይም በጂፒኤስ ለኩ፣ ጠርዙን ለራዳሩ ተዉት። ሞገዱ 24 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው የአሎስ-2 ራዳር ሳተላይት መረጃ ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

መነሻ ነጥባችሁን፣ ማለትም ሌላውን ሁሉ የምታነጻጽሩበትን የማይንቀሳቀስ ነጥብ፣ ራቅ አድርጉ። መስመጡ ከተቆፈረው ጠርዝ አልፎ ይሄዳል፣ ማውጫው በጠለቀ ቁጥርም ይሰፋል። መነሻው አብሮ ከወረደ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

ቤቶቹንም እዩ። ቤት የሚሰነጠቀው በመውረዱ ብቻ አይደለም፣ አንዱ ጎን ወርዶ ሌላው ሲቀር ነው። መጀመሪያ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ከዚያ ከበሩ ማዕዘን ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር ምቱና ርቀቱን በየሳምንቱ በካሊፐር ለክታችሁ ከነቀኑ ጻፉ።