ሐኪሙን ለመጥራት የፈራችው ነርስ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ሆስፒታሎቻችን በጋዜጣ ከሚጻፉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ ግልምጫን የሚመለከቱ ናቸው። ካርድ ክፍል ተመናጭቀው፣ ድንገተኛ ክፍል ተንጓጥጠው የተመለሱ ሰዎች ምሬታቸውን ይጽፋሉ። በነርስነት 18 ዓመት ያገለገልሁ ሰው ነኝና ቅሬታው ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። ሆኖም ታካሚው የሚያየው በመስኮት በኩል የሚደርሰውን ግልምጫ ብቻ ነው። ባለሙያዎች እርስ በርሳችን የምንሰነዛዘረው ቁጣና ስድብ እንደ ቤት ገመና ተሸፍኖ ይኖራል፤ ለታካሚው ሕይወት ይበልጥ የሚያሰጋው ግን እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋርድ የሆነውን ልጥቀስ። ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አንድ ጎልማሳ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጀምሮ የልብ ምቱ እየፈጠነ፣ የደም ግፊቱ እየወረደ፣ ሽንቱም እያነሰ ሄደ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ውስጥ ለውስጥ እየደማ ሊሆን እንደሚችል ነርስ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ የዚያን ሌሊት ተረኛ የነበረችው ወጣትም ታውቅ ነበር። በየሰዓቱ እየለካች ቻርቱ ላይ በጥንቃቄ መዝግባለች፤ ፈሳሽም ጨምራለታለች። ሐኪሙን የጠራችው ግን ሊነጋ ሲል ነው። ሰውየው በማለዳ ተመልሶ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ፤ ሕይወቱ ተረፈች፤ ይሁን እንጂ በሳምንት ይወጣል የተባለው ሰው ሁለት ወር ተኛ።

ለምን እንደዘገየች ለብቻዋ ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ያንኑ ሐኪም በሌሊት ብትጠራው፣ በአስታማሚዎች ፊት «ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ? ለመሆኑ የት ነው የተማርሽው?» ብሏት ኖሯል፤ በማግሥቱም ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን በየአልጋቸው የሚጎበኙበት ዙር) ላይ ለባልደረቦቹ መሳቂያ አድርጓታል። ጉዳዩ በጠዋቱ ስብሰባ ሲነሳ የተጠየቀው ነርሷ ለምን ዘገየች የሚለው ብቻ ሲሆን፣ የተጻፈባት ማስጠንቀቂያም «በቸልተኝነት» ይላል። ፍርሃት የሚባል የጥፋት ዓይነት በቅጹ ላይ የለም።

የሐኪሙንም ነገር ሳልናገር ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መድኃኒት መግዣ ላጣ ታካሚ ከኪሱ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ሰኞ ጠዋት የገባ ሬዚደንት (ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥን ሐኪም) ሌሊቱን ዲዩቲ፣ ማለትም ተረኛ ሆኖ፣ አድሮ፣ ማክሰኞም ራውንዱንና ተመላላሽ ታካሚዎቹን ጨርሶ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከመሸ ነው። በሠራሁባቸው ሆስፒታሎች ይህን ሰዓት የሚቆጥር ኃላፊ አላጋጠመኝም፤ ሰዓት የሚቆጠረው የዲዩቲ ክፍያ ሲሠራ ነው፤ እርሱም ከወራት በኋላ።

እኛ በየዋርዱ «በርንአውት» የምንለውን ይህን መዛል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው በሽታ አላለውም፤ መላ ካልተበጀለት ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመነጭ ክስተት ነው ሲል መዘገበው እንጂ። መገለጫዎቹም ሦስት ናቸው፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅና ሥራውን በምሬት ማየት፣ እንዲሁም የሥራ ብቃት መቀነስ። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። መዛሉ እዚያ ሲደርስ ታካሚው ስሙ ይቀርና «አልጋ 14» ይሆናል። እኔም ብሆን አራት ሌሊት በተከታታይ ካደርሁ በኋላ፣ የአባቷ ኦክስጅን ማለቁን ልትነግረኝ የመጣችን ልጅ «ያለኝ ሁለት እጅ ነው!» ብዬ ጮኼባታለሁ። ሲሊንደሩ በእርግጥም አልቆ ነበር።

ይህን ስል ስድቡን ሁሉ በድካም ማሳበቤ አይደለም። ከዓመት ፈቃድ በተመለሱ ማግሥት የሚሳደቡ ሲኒየር ሐኪሞችንም አውቃለሁ። «እኛም እንዲህ ሆነን ነው የተማርነው» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ነገሩ ከሙያው ጋር አብሮ የሚወረስ ሆኗል። ሲኒየሩ ሬዚደንቱን፣ ሬዚደንቱ ኢንተርኑን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪውን)፣ ኢንተርኑ ነርሷን፣ ነርሷ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ሁላችንም አንድ ላይ ደግሞ አስታማሚውን። በአደባባይ የተዋረደ ሰው ለነገው ሥራ የሚቀረው ልብ ስለሚያንስ፣ መዛል የወለደው ቁጣ መልሶ ሌላ መዛል ይወልዳል። የደመወዝ ጥያቄያችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአደባባይ ሲነሳ የቆየና ተገቢም ስለሆነ እዚህ አልመለስበትም፤ ደመወዟ እጥፍ ቢሆን ኖሮ ግን ያቺ ነርስ ስልኩን ታነሳ ነበር ብዬ አላስብም።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተገበረው የትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤ መልካም ሥልጠና ነበር። ታካሚን እንዴት እንደምንቀበል በስፋት ተነግሮናል፤ እርስ በርስ ስለ መከባበር የተባለው ጥቂት ነው፤ ስለ ሥራ ሰዓትማ ጭራሽ አልተነሳም። (ሥልጠናውን የወሰድሁት ሌሊት አድሬ በወጣሁበት ቀን ስለነበር ግማሹን እያንቀላፋሁ ማሳለፌንም አልደብቅም።) የዓለም የሐኪሞች ማኅበር የጄኔቫውን ቃለ መሐላ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያሻሽል ግን ሁለቱን ነገሮች አብሮ ነው ያስገባቸው፤ ሐኪሙ ለመምህሮቹ ብቻ ይሰጥ የነበረውን አክብሮት ለባልደረቦቹና ለተማሪዎቹም እንዲሰጥ፣ ለራሱ ጤናና ደኅንነትም እንዲጠነቀቅ።

በአሜሪካ የሬዚደንቶች የሥራ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአማካይ በሳምንት ከ80 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሰማንያም ቢሆን ለሰው ልጅ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቁጥር ስለሆነ አለፈ ወይም አላለፈ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በዚያው አገር የሆስፒታሎችን ጥራት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ማሳሰቢያ ስድብና ማስፈራራት ለሕክምና ስሕተት በር እንደሚከፍቱ ገልጾ፣ ሆስፒታሎች ተቀባይነት የሌለውን ጠባይ በደንብ ለይተው እንዲጽፉ አሳስቦ ነበር።

ሆስፒታሎቻችን የማንንም ደንብ እንዳለ ይገልብጡ አልልም። የሌሊት ተረኛው በማግሥቱ ስንት ሰዓት መውጣት እንዳለበት በጽሑፍ ይወሰን። ስድብ የደረሰበት ሰው አቤት የሚልበት ቦታም ከክፍሉ ኃላፊ ውጪ ይሁን፤ ኃላፊው የሬዚደንቱን ውጤትም የነርሷን የሥራ አፈጻጸምም የሚሞላ ሰው በመሆኑ እርሱ ዘንድ የሚከስ አይገኝም። መጀመሪያ የሚመጣው ቅጣት ባይሆንም እመርጣለሁ፤ በዚያ ሐኪም ላይ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍ ይልቅ አንድ የሚያከብረው ሰው ለብቻው ጠርቶ ያንን ቻርት ቢያሳየው ኖሮ የሚበጅ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን በጀት ሳይጠይቅ ዛሬውኑ ሊደረግ ይችላል። የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የሽንት መጠን ስንት ሲደርስ ሐኪም መጠራት እንዳለበት፣ በዚያ ምክንያት የጠራም ሰው እንደማይወቀስ በአንድ ገጽ ተጽፎ በሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ፊርማ በየዋርዱ ስልክ አጠገብ ይለጠፍ። ይህን ደብዳቤ በምጽፍበት ጊዜ በእኛ ዋርድ ስልክ አጠገብ የተለጠፈው የተረኞች ስም ዝርዝር ነው፤ ከሥሩም አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ያለ በቂ ምክንያት አትደውሉ» ብሎ ጽፎበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ በዝግጅት ክፍሉ እንዲጠበቅ የምሻ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ