ይደርሳል አይደርስም፦ የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

"ይሄ ደግሞ ምን ሳይንስ ነው?" ዓመቱን ሙሉ የሰማነው ጥያቄ ነው። ኮሪደር ላይ እጃቸውን ዘርግተው የቆሙ አባሎቻችንን ያየ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። ሥራችን ቀላል ነበር፦ እጅህ የት ድረስ እንደሚደርስ ሳትሞክር ገምት፣ የጓደኛህንም ገምት፣ ከዚያ እንለካ። ቀልድ ለመሰለው ሰው፣ ዊልያም ዋረን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰዎች ያለ እጅ ድጋፍ የሚወጡትን የደረጃ ከፍታ በዓይን አስገምቶ ነበር። ረጅሙም አጭሩም ወሰኑን ያደረገው የራሱ እግር ርዝመት 88 በመቶ ያህል ላይ ነው።

ስብሰባዎቹን ልለፋቸው። ሐሙስ ሐሙስ ተገናኘን፤ መብራት ሲጠፋ ተበተንን። በሁለተኛው መንፈቅ ክፍላችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ስለተወሰደብን አንዳንድ አባላት ቀርተዋል።

መጋቢት ላይ ግን ጎረቤታችን ወዳለው አፀደ ሕፃናት ሄድን። ከረሜላ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍንና "ትደርሳላችሁ?" አልናቸው። "አዎ!" ጣራውን ብናሳያቸውም አዎ ነበር የሚሉት። ልጆች አቅማቸውን አብዝተው እንደሚገምቱ ጆዲ ፕላመርት የተባለች ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1995 አሳይታለች፤ ያጠናችውም ከሚደርስባቸው አደጋ ጋር አያይዛ ነው።

ቀጥለን ረጅሙን የ11ኛ ክፍል አባላችንን አቆምነው። "እሱስ ይደርሳል?" ሁሉም እጁን ሲያይ አንዲት ዝምተኛ ሕፃን ጎንበስ ብላ እግሩን አየች። "ጫማውን ካወለቀ አይደርስም" አለች። አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል፤ ሳቁን ተዉት! ተንጠራራ፣ ተንጠራራ፤ ከረሜላዋ ለጥቂት አመለጠችው። መዝጋቢያችን ምንም ሳትናገር ደብተሯ ላይ "ጫማ" የሚል አዲስ ዓምድ አሰመረች። አስተማሪ ሌላ ምን ይፈልጋል?

እኛው ጋ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ገባን። አብዛኞቹ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የላይኛውን መደርደሪያ "እደርስበታለሁ" አሉ። ሲሞክሩ ብዙዎቹ አልደረሱም። ስንገምት ወገባችንን ዘንበል፣ ትከሻችንን ወጣ አድርገን ነው መሰል፤ ክንድ ብቻውን ሲቀር ያጥራል። የፊዚክስ መጻሕፍቱ ያሉት እዚያው ላይ ነው። ውጤቱን ለሚመለከተው ክፍል አስገብተናል፤ በርጩማው ግን እስካሁን አልመጣም።

ወላጆች፣ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ያ በርጩማ፣ ፕላስተርና የራሳችን ሜትር። ሜትር የምንዋሰው በር ላይ ካሉት ልብስ ሰፊ ነው፤ በዓል ሲደርስ ደግሞ አይሰጡንም።