ስፒከሩ፣ በገናው እና የጎረቤት ልጅ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። በቅርቡ ስለ ስማርት ስፒከር ያወጣችሁትን ጽሑፍ እቤት ተቀባብለን አነበብነው። ደስ ይላል። ግን ስለ ድምፁ ጥራት፣ ስለ መልኩ፣ "መብራት አጥፋ" ሲሉት ስለ መታዘዙ ስታወሩ ቆያችሁና አንድ ነገር ዘለላችሁ። ይሄ ዕቃ ባለቤቱ ሳያውቅ ለሌላ ሰውም ሊታዘዝ ይችላል።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ለእማዬ አንድ ስፒከር ይዞላት መጣ። አዲስ አይደለም፣ ሰው የተገለገለበት ነው። ስፒከሩ አማርኛ አይችልም፣ እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ስለዚህ ሁለቱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። በስልኬ ብሉቱዝ እያገናኘሁት መዝሙር ማጫወቻ ሆነ በቃ። ባለፈው ሁዳዴ አንድ ቅዳሜ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በገና እየሰማን ሳለ ድምፁ ቀጥ አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና በጾም ምድር የሰርግ ቤት ጭፈራ ለቀቀብን! እማዬ ጀበናውን እንደያዘች "ኧረ በማርቆስ!" አለች። አንዷ ጎረቤታችን አማተበች። ስልኬን ሳየው ከስፒከሩ ተለያይቷል። ለካ ከግድግዳው ማዶ ያለው የጎረቤት ልጅ በራሱ ስልክ ገብቶበት ነው፤ ሳቁ እኮ እስከ እኛ ቤት ይሰማል።

ያ የልጅ ተንኮል ነው። የእኛ ስፒከር ኮድ ሳይጠይቅ የመጣውን ሁሉ የሚያስተናግድ ዓይነት ስለሆነ ልጁ ምንም አልሰበረም። ግን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ፣ ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ2017 አርሚስ የሚባል የሳይበር ደህንነት ኩባንያ "ብሉቦርን" ብሎ የጠራቸውን የብሉቱዝ ክፍተቶች ይፋ አደረገ። መጀመሪያ የተወራው ስለ ስልክና ኮምፒውተር ነበር። ቆይቶ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአማዞን ኤኮና የጉግል ሆም ስፒከሮችም እንዳሉበት ተናገረ፤ በኩባንያው ግምት ሁለቱ ተደምረው ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋሉ። እኔን ያስደነገጠኝ አሠራሩ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ቢያንስ "አገናኝ" የሚለውን መንካት ነበረበት። ብሉቦርን ግን መገናኘትም፣ የባለቤቱን ፈቃድም አይጠይቅም። ብሉቱዙ በርቶ አጥቂው አሥር ሜትር አካባቢ ከቀረበ ይበቃዋል። እኛ ሰፈር አሥር ሜትር ማለት ሁለት ሦስት ቤት ነው። ኤኮ ላይ ክፍተቱ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ እስከ መቆጣጠር ያደርስ ነበር። ማይክ ያለው ዕቃ ደግሞ በሰው እጅ ገባ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ሁለቱ ኩባንያዎች መጠገኛውን በኢንተርኔት በራሱ እንዲጫን አድርገው ላኩ። እሰየው። ግን በኢንተርኔት ነው!

እዚህ ላይ ነው የእኛ ነገር የሚለየው። ብዙ ሰው "የእኔ ስፒከር ኢንተርኔት ላይ የለም፣ ማን ይነካዋል?" ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የብሉቱዝ ክፍተት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ኢንተርኔት የሚፈልገው አፕዴቱ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። ከተመለሰ በኋላስ ቢሆን ለመዝሙር ብሎ ስፒከሩን ዋይፋይ ላይ የሚያስገባ ማነው? ስለዚህ ሌላው ዓለም ከስንት ዓመት በፊት የደፈነው ቀዳዳ እኛ ጋ ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል።

ዋይፋይ ላይ ያለውም አይኩራራ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦሊጎ የተባለ ሌላ ኩባንያ "ኤርቦርን" ያላቸውን የኤርፕሌይ ክፍተቶች ይፋ አድርጓል። ኤርፕሌይ ከስልክ ወደ ስፒከር በዋይፋይ ሙዚቃ የሚልክ የአፕል ዘዴ ነው፤ የሌሎች ፋብሪካዎች ስፒከሮችም ይጠቀሙበታል። አጥቂው አንድ ዋይፋይ ላይ መገኘት አለበት። ይሄ እኛ ጋ ከባድ ነው እንዴ? ፓስወርዱ ከአንድ እስከ ስምንት ያለው ቁጥር ነው፣ እንግዳ ከቡናው በፊት እሱን ነው የሚጠይቀው። አፕል የራሱን ዕቃዎች ቶሎ ጠገነ፤ የሌሎቹን ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ራሱ መጠገን አለበት፣ ርካሾቹና የቆዩት ደግሞ መቼም ላይደርሳቸው ይችላል።

በቀጣይ ስለ እንዲህ ያለ ዕቃ ስትጽፉ ከዋጋው አጠገብ አፕዴት እስከ መቼ እንደሚያገኝና ሲገናኝ ኮድ ይጠይቅ እንደሆነ ጻፉልን። ማይኩን የሚዘጋ ቁልፍ ካለው እሱንም አሳዩን። ኤኮ አለው፣ ሲዘጉት ቀይ ይበራል፣ እኔ ግን ከእናንተ ጽሑፍ አላገኘሁትም። ከውጭ ለቤተሰብ የምትልኩም፣ ከመላካችሁ በፊት እዚያው ዋይፋይ ላይ አስገብታችሁ አፕዴት አድርጉት፤ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የእኛን ስፒከር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ ፈለግኩት፣ የመጨረሻው አፕዴት የወጣው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ለእማዬ ስነግራት ብዙም አልገረማት። መዝሙሩ ሲያልቅ ሶኬቱን ትነቅለዋለች፣ ከዚያ እንደ ሲኒዎቿ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ