ለደንበኞቻችን፦ ጥቁር ቀለም ከገባ በኋላ ገንዘብ የማንመልሰው ለምን እንደሆነ

ሐዋሳ

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በመስከረም በኮሚክ ስቱዲዮአችን በር ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ እናውቃለን። እንዲህ ይላል፦ «የእርሳስ ንድፉ ላይ ከተፈረመ በኋላ የሚጠየቅ ለውጥ በክፍያ ነው። ጥቁር ቀለም ከገባ በኋላ ገንዘብ አይመለስም።» አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ ወቀሳችሁን። አንዳንዶቻችሁ በቴሌግራም መረር ያለ ነገር ጻፋችሁ። ቤታችን ከተከፈተ ጀምሮ የምናውቀው አንድ ደንበኛ ደግሞ «እናንተም ተለወጣችሁ» ብሎን ወጣ። ይቺ ከሁሉም በላይ አመመችን።

ሥዕሉን አይታችሁ ቅር ያላችሁን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አናነሣውም። ምክንያቱ በር ላይ ቆሞ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ደብዳቤ መጻፌ።

ነገሩን ያመጣው በክረምቱ የገጠመን ነው። አንድ ቤተሰብ የአባቱን ታሪክ በኮሚክ፣ ማለትም ሣጥን በሣጥን በተከፋፈለ ሥዕል፣ እንድንሠራለት አዘዘን። አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆቹ ለልደታቸው ሊሰጧቸው ነው። በጣም የወደድነው ሥራ ነበር። የድሮውን ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ከነመብራቱ ከነመስታወቱ ስንሥል አምሽተናል። ከልጆቹ የተሰጠን ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ። ጢም የለውም። የእርሳሱን ንድፍ አዩት፣ ተስማሙ፣ ፈረሙ። እኛም በእርሳሱ መስመር ላይ ጥቁር ቀለም አስገባን። ሥራው ሊያልቅ ሲል ትልቋ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። ገጾቹን አገላበጠችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄ አባቴ አይደለም። አባቴን ያለ ጢም አይቼው አላውቅም» አለች።

እውነቷን ነው። ብትከፋም መብቷ ነው። ግን እስቲ ከእኛ ወገን ሆናችሁም እዩት። እኛ ሰውየውን ከገጽ ገጽ እንዲለዩ ያደረግናቸው በሰፊው አገጫቸው ነው። ጢም ሲመጣ አገጩ ይጠፋል። ጥላው ይለወጣል፣ የአንገቱ መስመር ይለወጣል። ያውም በአንድ ሥዕል ላይ አይደለም፤ እሳቸው ባሉበት ሣጥን ሁሉ ነው። አንድ ገጽ ደግሞ አምስት ስድስት ሣጥን አለው። ጥቁር ቀለም በላጲስ አይለቅም። በነጭ ቀለም ይሸፈናል፤ ግን ቦታው ይሻክራል፤ በላዩ የሚሄደው የብሩሽ መስመር ይቆራረጣል። ስለዚህ ገጹ ተጥሎ እንደ አዲስ ይሣላል።

ቤተሰቡ ሙሉ ገንዘባችን ይመለስ አለ። እኛ የወረቀቱና የቀለሙ ብቻ ይከፈለንና ጢሙን አስገብተን እንሥራው አልን። በመጨረሻ ተስማማን። ሠርተን አስረከብን። ግን የተለያየነው በኩርፊያ ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘብ አሳስቶን አይደለም። ከሰው ጋር ሁለተኛ እንዲህ መለያየት ስላልፈለግን ነው።

«አይመስልም» የሚለው ቅሬታ ከሁሉም ስለሚበዛ በእሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በኮሚክ ውስጥ አንድ ሰው ደጋግሞ ይመጣል። ሲሮጥ፣ ሲቆጣ፣ ጀርባውን ሲሰጥ፣ ከሩቅ ትንሽ ሆኖ። ሁልጊዜ ያው ሰው መሆኑ በአንድ እይታ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሠዓሊው ፊቱን በሙሉ አይገለብጥም። ሁለት ሦስት ነገር መርጦ ያንን አጥብቆ ይይዛል። ይህ ከውጭ የመጣ ብልሃት ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስን በምን እናውቀዋለን? በነጭ ፈረሱና በዘንዶው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በአንበሶቻቸውና በነብሮቻቸው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በ44 ሣጥን ከፋፍለው የሚተርኩ ሠዓሊዎችም ያሉን ሕዝቦች ነን። ታሪክን በሣጥን ማንበብ ለዓይናችን እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ስታዙ ፎቶ ብቻ አትስጡን። «በምኑ ነው የምታውቁት?» ብለን የምንጠይቃችሁ ለወሬ አይደለም። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ይሁን፣ ነጠላዋን የምታጣፋበት መንገድ ይሁን፣ ከራሱ የማትወርደው ባርኔጣ ትሁን፣ ንገሩን። ከአሥር ፎቶ ያ ይበልጥብናል። ነጠላን ካነሣሁ አይቀር፣ ነጭ ልብስ በነጭ ወረቀት ላይ መሣል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያለው ነገር የእጥፋቱ መስመርና ጥለቱ ብቻ ነው። እህቴ አንዲት የእናት ነጠላ ላይ ግማሽ ቀን ስትቆይ አይቼ «በቃሽ» ብያት አላውቅም።

የጽሑፉም ነገር አለ። ብዙ ወጣት ደንበኞቻችን የጃፓን ኮሚክ ሲያነቡ ያደጉ ናቸው። ሣጥኖቹ እንደዚያው ከቀኝ ወደ ግራ ይሂዱልን ይላሉ። ግን ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው። ዓይን በሣጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ፣ ከሣጥን ሣጥን ደግሞ ወደ ግራ ሲሄድ ታሪኩ ይዘበራረቃል። በእንግሊዝኛ ኮሚክ ጩኸት ሲሆን ፊደሉ ይወፍራል፣ ያዘነብላል። እኛም የምትጮኸውን ቃል በእጅ አወፍረን እንጽፋታለን። ንግግሩ የሚገባበት ክብ ቦታው የሚወሰነው ገና በእርሳስ ሳለ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ «ሁለት መስመር ብቻ ጨምሩልኝ» ስትሉን አንድ ሰው ፊቱ ይሸፈናል ማለት ነው።

«በስልክ ደማቅ ነበር፣ ታትሞ ሲመጣ ጠቆረ» ላላችሁን ደግሞ አጭር መልስ አለኝ። ስልክ ቀለምን በብርሃን ያሳያል፤ ማተሚያ ቤት ግን በአራት ቀለም በወረቀት ላይ ነው የሚያትመው። ደማቁ ሰማያዊና አረንጓዴ በወረቀት ላይ ያን ያህል አይደምቅም። የቆዳችን ቡናማም ሲታተም ቶሎ ይጨልማል። ስለዚህ አሁን ከእርሳሱ ንድፍ ጋር አንድ ገጽ በቀለም አትመን እናሳያችኋለን። ለእሱ አናስከፍልም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ወረቀቱ፣ ጥቁር ቀለሙ፣ ብሩሹ፣ የታብሌቱ እስክሪብቶ፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ መቶውን አለፈ። ከዚያም ወዲህ መጨመሩን አላቆመም። የቤት ኪራዩን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኛ ግን ዋጋ የጨመርነው ከሁሉም ዘግይተን፣ በጣም ትንሽ ነው። እያወቅን ነው ያደረግነው። የሚያዝዘን ሰው ደመወዝተኛና ተማሪ መሆኑን እናውቃለን። በትላልቆቹ የአሜሪካ ኮሚክ ቤቶች አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ በእርሳስ ይሥላል፣ አንዱ ጥቁር ቀለም ያስገባል፣ አንዱ ያቀልማል፣ አንዱ ፊደሉን ያስገባል። እዚህ ያን ሁሉ የምንሠራው እኔ፣ እህቴና አንድ ልጅ ነን። አንድ ገጽ በእርሳስ ብቻ ሙሉ ቀን ይወስድብናል። ገንዘብ መልሱ ስትሉን የምንመልሰው ከትርፍ አይደለም። የዚያ ልጅ ደመወዝ ነው።

ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከቆረጠ በኋላ «ተውኩት» ቢሉት ምን ያደርጋል? የኛም እንደዚያው ነው። ያውም የእናንተ አባት ፊት ያለበትን ገጽ ለሌላ ሰው ልሸጠው አልችልም።

ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁኝ ይህን ብነግራችሁ አታፍሩብኝም። ይህ ቤት ከታፔላ ነው የተነሣው። ፒያሳ ለፀጉር ቤት መቀስ፣ አሞራ ገደል ለምግብ ቤት ዓሣ ስሥል ኖሬያለሁ። የባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ ጽፌያለሁ። ኮሚክ ለራሴ ነበር የምሥለው፣ ማታ ማታ። መጀመሪያ ያዘዙኝ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ልጆች ናቸው። የዶርም ኑሯቸውን እንድሥልላቸው ጠየቁኝ። ሲረከቡ እየተሳሳቁ አንዱ የአንዱን ፊት እያሳየ ሲቀልድ ሳይ «ይህ ነው የኔ ሥራ» አልኩ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ወልደው ከድሬዳዋም፣ ከዲላም ደውለው ያዝዛሉ። በእነሱ ነው የቆምነው። ስለዚህ «ተለወጣችሁ» ስንባል ቀላል ነገር አልተባልንም።

«ኤአይ በነጻ ይሠራዋል» ያላችሁንም ሰምተናል። ሞክሩት፣ አንቀየምም። ግን ሰውየውን በየሣጥኑ አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ ሊቸገር ይችላል። ፊደላችንንም ሊያበላሽ ይችላል። የሚያነቡት ደግሞ እናትና አባት ናቸው።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉም ያው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን ሁለተኛውን አንረሳም። ተቀብለን ሥራውን ብንተው እጥፍ አድርገን እንመልሳለን። በፈረማችሁበት ንድፍ ላይ ያለውን ትተን ሌላ ከሣልን፣ ስም አሳስተን ከጻፍን፣ የሲዳማውን ልብስ ከሰጣችሁን ፎቶ ውጭ ካደረግነው፣ እኛ በራሳችን ወጪ እንደገና እንሥለዋለን። የተመረጠው ነገር ሁሉ ንድፉ ላይ በማስታወሻ ይጻፋል፤ አንድ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቀራል።

የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቅር ያላችሁን በእርሳሱ ጊዜ ንገሩን። ይሉኝታ ይዟችሁ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብላችሁ አትሂዱ። እርሳስ ላይ ሳለ ሁለት ጊዜ በነጻ እናስተካክላለን። «አፍንጫዬን አልወደድኩትም» ብትሉኝ አልከፋም። እንዲያውም ጎንበስ ብዬ ወዲያው አጠፋዋለሁ። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ሰውየውን በደንብ የሚያውቅ አንድ ሌላ ሰው ይዛችሁ ኑ። ያቺ ትልቋ ልጅ በእርሳሱ ጊዜ ብትኖር ኖሮ ጢሙን ባንድ ከሰዓት እንጨርሰው ነበር።

አሁን በእርሳስ ደረጃ ላይ ያለ ሥራ ያላችሁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መጥታችሁ እዩት። ሩቅ ያላችሁ በቴሌግራም እንልክላችኋለን። ሰፋ አድርጋችሁ በኮምፒውተር እንጂ በስልክ ብቻ አትመልከቱት። ከመስከረም በፊት ያዘዛችሁ በድሮው ስምምነት ትስተናገዳላችሁ፤ አዲሱ ማስታወቂያ እናንተን አይመለከትም። ለገና የምታዙ ደግሞ እስከ ኅዳር አጋማሽ አሳውቁን። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለጥምቀት ነው የምናደርሰው።

አክባሪያችሁ፣
የስቱዲዮው ባለቤት